ሶጁ፦ «ለስላሳ» የሚመስለው የኮሪያ አረቄ ለምን ተወደደ? በአረንጓዴው ጠርሙስ ውስጥስ ስንት ቢራ አለ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋገመብኝ። «ዶክተር፣ ሶጁ የሚባለው የኮሪያ መጠጥ አልኮል ነው ወይስ ቀለል ያለ ነገር ነው?» «ከቢራ ይሻላል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» «የፒች ጣዕም ያለው ስኳር ብቻ ነው አይደል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ገሚሱ የኮሪያ ድራማ ሲያዩ አይተውት አሁን በእጃቸው የገባ ነው፤ ገሚሱ ውጭ አገር ሆነው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አርብ ማታ የሚጠጡት ነው።

አጭሩ መልስ፦ ሶጁ አረቄ ነው። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ብዙም አልጠቀምኳችሁም። ምክንያቱም ሶጁ አረቄ የማይመስለው እናንተ ስላልገባችሁ አይደለም፤ አረቄ እንዳይመስል ሆኖ ስለተሠራ ነው። በዓለም ዙሪያ ያስወደደውም፣ እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝም ይኸው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው።

ሶጁ ከእኛ አረቄ ጋር ዘመድ ነው

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይገረማሉ። ኮሪያውያን መጠጥ ማጣራትን (ማለትም አፍልቶ እንፋሎቱን ማንጠባጠብን) የተማሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሞንጎሎች ነው። ሞንጎሎቹ ደግሞ ዕውቀቱን ያገኙት ከፋርስና ከዐረቡ ዓለም ነው። ሞንጎሎች ሰፍረውበት በነበረው በኬሶንግ ከተማ ሶጁ «አራክ ጁ» ይባል ነበር። «አራክ» በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ስለሚመስል። የእኛም «አረቄ» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። «ሶጁ» የሚለው ስም ራሱ ትርጉሙ «የተቃጠለ መጠጥ»፣ በእሳት የወጣ መጠጥ እንደማለት ነው።

በጥንቱ መንገድ ከሩዝ የሚወጣው ሶጁ ዛሬም አለ። የአንዶንግ ከተማው ዝነኛ ሶጁ የአልኮል መጠኑ 45 ከመቶ ነው። ይህ ከእኛ ዳገም አረቄ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ነው፤ አንዱን ጉንጭ ስትውጡ ጉሮሯችሁ ራሱ «ቆይ!» ይላችኋል። ልጆች ድራማ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ ጠርሙስ ግን ይህ አይደለም።

ታዲያ አረንጓዴው እንዴት ለሰለሰ?

እ.ኤ.አ. በ1965 ደቡብ ኮሪያ የእህል እጥረት ስለነበረባት መንግሥት አረቄ በሩዝ እንዳይወጣ ከለከለ። ፋብሪካዎቹም ሌላ ዘዴ ያዙ፦ ከስኳር ድንችና ከካሳቫ የሚወጣ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ ንጹሕ አልኮል ገዝተው በውሃ ማቅጠን፣ ከዚያም ማጣፈጫ ጨምሮ ማሸግ። ክልከላው በ1990ዎቹ ቢነሳም ሕዝቡ ርካሹንና ለስላሳውን ለምዶ ነበርና ገበያውን እስከ ዛሬ የያዘው የቀጠነው ሶጁ ነው።

ጥንካሬውም በየጊዜው እየወረደ መጣ። በ1970ዎቹ 25 ከመቶ ነበር። ቻሚሱል የተባለው ታዋቂ ምርት በ1998 በ23 ከመቶ ገባ። በ2006 ተፎካካሪው ወደ 20 አወረደ። ዛሬ አብዛኛው 16 ከመቶ አካባቢ ነው። ለጤናችን አዝነው ነው እንዳትሉ! አንደኛው ምክንያት የኮሪያ ሕግ 17 ከመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ መከልከሉ ነው። 16.9 የሚል ቁጥር ጠርሙስ ላይ ያየ ሰው ለምን 17 እንዳልሆነ አሁን ገብቶታል። ሌላው ምክንያት ንግድ ነው፦ ቀለል ሲል ሴቶችና ወጣቶች ይጠጡታል፤ የሚጠጣውም ሰው ከአንድ ጠርሙስ ወደ ሁለት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። አልኮል ከ40 ከመቶ በላይ ሲሆን አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ይህ ማቃጠል የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ከ20 ከመቶ ሲወርድ፣ በማጣፈጫ ሲሸፈን፣ በዚያ ላይ በረዶ እስኪመስል ቀዝቅዞ ሲቀርብ ደወሉ አይሰማም። በጣም ጠንካራ አረቄ ደግሞ የጨጓራን መውጫ ስለሚያኮማትረው አንጀት ለመድረስ ይዘገያል፤ መካከለኛው ግን ይህ መሰናክል ስለሌለበት ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ጉሮሮ ዝም ሲል ጉበት ሥራ ይበዛበታል ማለት ነው።

ውጭ አገር ያለው ሰው ምን አይቶ ወደደው?

ጂንሮ የተባለው የሶጁ ምርት በሽያጭ ብዛት ከዓለም የተጣሩ መጠጦች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። ከታወቁት ቮድካዎችና ውስኪዎች ሁሉ በልጦ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ይህን ያህል የሚጠጣው ግን ራሱ የኮሪያ ሕዝብ ነበር። አሁን የተለወጠው ውጭ ያለው ጠጪ ነው፤ የኮሪያ የሶጁ ኤክስፖርት በ2023 ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል፣ ጂንሮም ከአገሩ ውጭ የመጀመሪያ ፋብሪካውን በቬትናም መገንባት ጀምሯል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ትልቁ ግን ስክሪኑ ነው። በ2021 የወጣውን ስኩዊድ ጌም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ዋናው ገጸ ባሕሪና ሽማግሌው ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብለው ያልበሰለ ፓስታ መሳይ ኑድል እየቆረጠሙ ሶጁ ሲጠጡ። በኮሪያ ድራማ ውስጥ ሰው ሲከፋው ሶጁ፣ ሲያፈቅር ሶጁ፣ ከሥራ ሲባረር ሶጁ ነው። ዘፋኟ አይዩ ለዓመታት የቻሚሱል ፊት ነበረች፤ «ጋንግናም ስታይል»ን የዘፈነው ሳይም ሶጁ አስተዋውቋል። ነገሩ የኮሪያን ጤና ሚኒስቴር ራሱን አሳስቦት በ2019 የዝነኞች ፎቶ ጠርሙስ ላይ እንዳይለጠፍ ለማድረግ አስቦ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ላንሳ። በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና ቴሌቪዥን ተከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም እንደዚያው። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ልጃችሁ በስልኩ የሚያየው ባለ 16 ክፍል ድራማ ማስታወቂያ ተብሎ አይቆጠርም። በየክፍሉ ያቺ አረንጓዴ ጠርሙስ ብቅ ትላለች። ጠጪው በማግስቱ ሲያስመልሰው የሚያሳየው ትዕይንትም ቢኖር የሚያስቅ ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ወላጆች ይህን ልብ በሉት፤ ድራማውን ከልክሉ ማለቴ አይደለም፣ አብራችሁ እዩና አውሩበት።

ሁለተኛው ምክንያት ሥርዓቱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ይለኛል። ለታላቅ በሁለት እጅ ይቀዳል፣ ታላቅ ፊት ሲጠጣ ፊት ዞር ይደረጋል፣ ለራስ መቅዳት ነውር ነው፤ ሌላው ሰው ይቀዳልሃል። ለአባቱ ውሃ በሁለት እጁ እያቀረበ ላደገ አበሻ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ ግን እዚሁ ውስጥ አለ፦ ሌላው ሰው የሚቀዳልህ ከሆነ ስንት እንደጠጣህ የሚቆጥር ማንም የለም። አንድ ጠርሙስ 360 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከትንሿ ብርጭቆ 7 ይወጣዋል። ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት ቢጠጡ አንድ ይተርፋል። ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት ቢጠጡም አንድ ይተርፋል። ያቺ የተረፈችው ሌላ ጠርሙስ ታስከፍታለች። ኮሪያውያን ራሳቸው በዚህ ይቀልዳሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውስኪና ቮድካ ለመሸጥ ምግብ ቤቱ ውድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ግን ከ24 ከመቶ ያልበለጠ ሶጁ በቢራና ወይን ፈቃድ እንዲሸጥ ፈቀዱ። የኮሪያ ምግብ ቤቶች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም በቮድካ ፋንታ በሶጁ ኮክቴል መሥራት ጀመሩ። ውጤቱስ? በጠጪው ጭንቅላት ውስጥ ሶጁ ከቢራና ከወይን ጎን ተመደበ።

ከዚያ በ2015 የፍራፍሬው መጣ፦ ግሬፕፍሩት፣ ፒች፣ ወይን፣ እንጆሪ። ከ12 እስከ 14 ከመቶ አካባቢ ነው። ኮሪያ ውስጥ ግርግሩ ቶሎ በረደ፤ ውጭ አገር ግን ዋናውን በር የከፈተው እሱ ነው። ቢራ የሚመራት፣ ውስኪ የሚያቃጥላት ሰው ይህን ስትቀምስ «ጁስ ነው» ትላለች።

«እኔ አልጠጣም» ያለችው እህታችን

ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ዝርዝር ቀይሬያለሁ። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። አካባቢውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አናንዴል የኮሪያውያን ሰፈር ነው፣ የእኛም ሰው እዚያው ዙሪያ ሞልቷል። በመደበኛ ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞቿ ከፍ ብለው ተገኙ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመረመረች፣ የለባትም። አልትራሳውንድ ታዘዘላት። ተጨንቃ ውጤቱን ላከችልኝ።

«አልኮል ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«አይ ዶክተር፣ አልጠጣም። ቅጹም ላይ አልጠጣም ብዬ ነው የሞላሁት።»

«ቢራ፣ ወይን፣ ምንም?»

«ምንም። አርብና ቅዳሜ ከሥራ ልጆች ጋር የፒች ሶጁ ብቻ።»

«ስንት?»

«ሁለት ጠርሙስ፤ ትንሽ እኮ ናት ጠርሙሷ።»

አልዋሸችኝም፣ ሐኪሟንም አልዋሸችም። በእሷ ዓይን ይህ መጠጥ አልኮል ስላልሆነ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። 360 ሚሊ ሊትር በ12 ከመቶ ሲባዛ፣ በአልኮል ክብደት ሲሰላ ወደ 34 ግራም ንጹሕ አልኮል ይሆናል። ሁለት ጠርሙስ 68 ግራም። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 ከመቶ 13 ግራም አለው። ስለዚህ እህታችን አርብ ማታ 5 ቢራ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ 5 ቢራ ትጠጣ ነበር። 5 ቢራ ጠረጴዛዋ ላይ ቢደረደርላት አንዱንም አትነካም ነበር እኮ! አሜሪካ ውስጥ ለሴት በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ 56 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣት «ከመጠን ያለፈ አጠጣጥ» ይባላል።

ያልተጣፈጠው፣ 16 ከመቶው ሲሆን አንድ ጠርሙስ ወደ 45 ግራም ይደርሳል። ሦስት ቢራ ተኩል ነው። በአገርኛ ላስቀምጠው፦ ባለ 50 ሚሊ መለኪያ፣ 40 ከመቶ የሆነ አረቄ ወደ 16 ግራም አለው። ማለትም አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ሦስት መለኪያ አረቄ ነው። ስድስት መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው አይተን «ይሄ ሰውዬ» ብለን ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን፤ ሁለት ሶጁ ሲሆን ግን ፎቶ አንስተን ስቶሪ ላይ እንለጥፋለን።

ለእህታችን ያልኳት ይህ ነው፦ ለሐኪምሽ እውነተኛውን መጠን ንገሪው፣ ሙሉ በሙሉ ለጥቂት ሳምንታት አቁሚ፣ ከዚያ ኢንዛይሙ ይደገም። የኢንዛይም መጨመር ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ የጉበት ስብ፣ መድኃኒት፣ አንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎች። «ሶጁው ነው» ብዬ አልደመደምኩም፣ እናንተም ከዚህ ጽሑፍ ተነስታችሁ አትደምድሙ። ግን ሐኪሙ የማያውቀውን ነገር መመርመር አይችልም።

በብዛት የሚጠየቁ፣ በብዛትም የሚሳቱ ነገሮች

«ስኳር የሌለው ሶጁ አያወፍርም» ይባላል። ከ2022 ወዲህ እንዲህ ዓይነቱ በጣም ተወዷል። ስኳሩ ወጣ እንጂ አልኮሉ አልወጣም። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ነው፤ 45 ግራም ከ300 ካሎሪ በላይ ይሰጣል። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ «ዜሮ ሹገር» የሚለውን አይቶ መዘናጋት የለበትም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱ ደግሞ ከስካር ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቡ ያለው ሰው «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ብሎ ይተወዋል። ይህ ሕይወት ያስከፍላል።

ሶጁን ከቢራ ቀላቅሎ መጠጣት (ሶሜክ ይሉታል) ሌላ ጣጣ ነው። የቢራው ጋዝ በብዙ ሰዎች ላይ አልኮሉ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ የሶጁውም ጣዕም ይጠፋል። ከስፕራይት መሰል ለስላሳ ጋር መቀላቀልም ያው ነው።

ኮሪያውያን የሚያደርጉት፣ ውጭ ያሉት ጠጪዎች ግን ያልቀዱት አንድ ጥሩ ልማድ አለ። እነሱ ሶጁ ያለ ምግብ ብዙም አይጠጡም። ከመጠጥ ጋር የሚበላው ምግብ የራሱ ስም እንኳ አለው፤ «አንጁ» ይባላል። የተጠበሰ ሥጋ፣ ሾርባ፣ ቶፉ። ምግብ አልኮሉን አያጠፋውም፣ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ግን ያዘገየዋል። ክለብ ውስጥ በባዶ ሆድ «ሾት» እያሉ መገልበጥ ከሶጁ ባሕል የወሰደው ጠርሙሱን ብቻ ነው።

«ኮሪያውያን ፊታቸው ይቀላል፣ እኔ አልቀላም፤ ስለዚህ ይስማማኛል» ያለኝም አለ። ብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች አልኮል ሲፈጭ የሚወጣውን አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ነገር የሚያስወግደው ኢንዛይም በዘር ደካማ ነው። ስለዚህ ይቀላሉ፣ ልባቸው ይመታል፣ ሲጠጡም ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ከፍ ይላል። እኛ ላይ ይህ ችግር ብዙም አይታይም፤ ያ ማለት ግን አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ቀረብን እንጂ መጠጡ ለእኛ ደህና ሆነ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የአልኮል መጠጦችን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበ ከ1988 ጀምሮ ነው፤ ጡትና ትልቁ አንጀትም ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ድርጅቱ በ2023 ደግሞ «ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም» ብሏል።

ሀንጎቨሩስ? «ሶጁ ጠዋት አያሳምምም» የሚል ወሬ አለ። ለሀንጎቨር ብቻ የሚሠራ «ሄጃንጉክ» የሚባል ሾርባ ያለው ሕዝብ ይህን ቢሰማ ይስቃል። ሾርባው ጨውና ፈሳሽ ስለሚተካ ደስ ይላል፤ አልኮሉን ግን አያወጣውም። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ የማግስት ዱለትም እንደዚያው። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 8 ግራም አካባቢ ነው የሚያቃጥለው፣ የሚያፈጥነው ነገር የለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ ሁለት ጠርሙስ የጨረሰ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መሪ ሲይዝ ደሙ ውስጥ ገና አልኮል ሊኖር ይችላል። የተኛ ሰው ሁሉ አልበረደለትም።

ለራስ ምታቱ ደግሞ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ አትዋጡ፤ ቀድሞ የተቆጣ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። ፓራሲታሞልም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ከመጠን በላይ ሲሆን ጉበት ይጎዳል። ሜትሮኒዳዞል ላይ ያላችሁ ሕክምናውን ስትጨርሱም ጥቂት ቀን ቆዩ። እርጉዝ ለሆናችሁ፣ የፍራፍሬውም ሆነ ያልተጣፈጠው አይፈቀድም፤ ፅንሱ የፒች ጣዕም አይለይም።

በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካላችሁ ደግሞ «በቃ ዛሬ አቁም» ብላችሁ ብቻውን እንዳታስቀምጡት። በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን።

ልትጠጡ ከሆነስ? ጠርሙሱን ገልብጣችሁ የአልኮል መጠኑን አንብቡ፣ ከምግብ ጋር ይሁን፣ ለራሳችሁ እናንተው ቅዱ (ኮሪያውያን ይቅር ይሉናል)፣ በየብርጭቆው መሃል ውሃ ይኑር፣ ቁጥሩን በጠርሙስ ሳይሆን በቢራ ቁጠሩት።

አንድ ጓደኛችሁ ጠጥቶ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ቆዳው ከቀዘቀዘ አይደለም ሾርባ፣ ውሃም አፉ ውስጥ አታፍስሱ። በጎኑ አስተኙት፣ ትውከቱ እንዳያንቀው አጠገቡ ሁኑ፣ አምቡላንስ ጥሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ቀይ መስቀል 907፣ አሜሪካ 911። ሐኪሙም ሲጠይቃችሁ «ትንሽ ነው የጠጣው» አትበሉ፤ ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ንገሩት። ባዶ ጠርሙሱን ይዛችሁት ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።